ጀርባውን የሰጠው ዘፋኝ

በያጁ እሳት አይፈራም ነበር። ከፍታም አይፈራም፤ አራተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ብረት ይዞ በሌላው ሲበይድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ከታች የሚያዩት ሰዎች ናቸው። እሱን የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰው ዓይን። ሦስት ሰው ቆሞ ከተመለከተው ላብ ያጠምቀዋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። የበር ዋጋ ለሚጠይቀው ደንበኛ እንኳ መልስ የሚሰጠው በሩን እያየ ነው።

ይህን ጉድ የደረሰችበት መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ነች። ልጅ ስንል ሃያ አራት ዓመት ሞልቷታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ኪኒን በአምስት በአምስት እየነጠለች የወረቀት ከረጢት ውስጥ ትጨምራለች፤ እሑድ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ባቋቋመው የሮክ ባንድ ውስጥ ድራም ትመታለች። ስትቆጥርም ስትመታም ከንፈሯ ያለ ድምፅ ስለሚንቀሳቀስ የባንዱ ሰዎች «ቆጣሪ» ብለው ስም አውጥተውላታል። እንደ መብራት ቆጣሪ ቆማ አታውቅም ለማለት ነው።

ባንድ መባሉም ያው ለወጉ ያህል ነበር። ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው ወንድሟ የፊዚክስ መምህር ነው። ቤዝ ጊታሩን የያዘው ወፍራም ባርበር ደንበኛ ፀጉር ላይ ሆኖ እንኳ በእግሩ ምት ይመታል። ሦስተኛዋ እሷ ነች። ዘፋኝ አልነበራቸውም። ሦስት ሰው ሞክረዋል፤ አንዱ ድምፅ አለው ምት አያውቅም፤ ሁለተኛው ምት ያውቃል ድምፁ ግን የዛገ በር ነው፤ ሁለቱንም ያሟላውን ሦስተኛውን እናቱ «ይህ ጩኸት ልጄን ያሳብድብኛል» ብላ እጁን ይዛ ወሰደችው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የድራሟ መቆሚያ ብረት ተሰበረና በብብቷ ይዛ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደች። ሰውየው ጭንብሉን አጥልቆ መስኮት ይበይዳል። ከጭንብሉ ውስጥ ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ ሬዲዮ መሰላት። ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የተቃጠለ፣ ከሆድ የሚነሳ ድምፅ ነው። ብረቱን ታቅፋ ቆመች። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም፤ ስንት እንደሆነ ሳታውቅ ያለፈ ደቂቃ በሕይወቷ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጭንብሉን ወደ ላይ ገልበጥ ሲያደርግ አያት። ዘፈኑ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ፊቱ እንደ ተያዘ ሌባ ሆነ።

«ቀጥል» አለችው።

«ምኑን?» አለ፣ ብረቱን እያየ።

እሱን ባንዱ ውስጥ ለማስገባት ወር ፈጀ። መምህሩ በየእሑዱ ጊታሩን ተሸክሞ ብየዳ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ በመጨረሻም ልምምዱ ራሱ እዚያው፣ በላሜራና በብረት ቱቦ መካከል ሆነ። መጀመሪያ ላይ ጭንብሌን ካላጠለቅኩ አልዘፍንም አለ። ባርበሩ ይህን አይቶ፣ እንዲህ ሆነን መድረክ ላይ ከወጣን ሕዝቡ ባንክ ሊዘርፉ መጡ ብሎ ፖሊስ ይጠራል ብሎ በሳቅ ፈረሰ። በያጁ ጭንብሉን ይዞ ወደ ጓዳ ገባና አልወጣም አለ። ሄዳ ያወጣችው ቆጣሪ ነች።

«እኔን ብቻ እይ» አለችው። «እኔ አንተን አላይም። እየቆጠርኩ ስለሆነ ማየት አልችልም። ማንም እንዳላየህ ቁጠረው።»

ያን ቀን ጭንብሉን አውልቆ፣ ሁለት ዓይኑን ከንፈሯ ላይ ተክሎ ዘፈነ። የሚገባበትን ቦታ ከአፏ ያነባል። እሷም ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርቃ ቆጠረች። ቃሏን ግን አልጠበቀችም፤ አይታዋለች።

የመጀመሪያ መድረካቸው የከተማው የወጣቶች አዳራሽ ነበር። ዝናባማ ከሰዓት ነው፤ አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ግማሹ ዝናቡ እስኪያባራ የተጠለለ ነው። በያጁ ማይኩን ጨበጠ፤ አዳራሹን አየ፤ ቀጥ ብሎ ቀረ። መምህሩ መግቢያውን ሦስት ጊዜ ደጋገመ። ባርበሩ ጸሎት ጀመረ። በያጁ ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ዞረና ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እሷን እያየ መዝፈን ጀመረ።

ፉጨት ተነሳ። «ፊትህን ሸጥከው እንዴ?» ያለም ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ፉጨቱ ቀነሰ፤ አራተኛው ላይ ሰዉ ቆሞ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ አንድም ሰው አልወጣም።

መምህሩ ለባንዱ «ነጎድጓድ» የሚል ስም አውጥቶ ነበር፤ ማን ሰምቶት። ሕዝቡ «ጀርባዎቹ» አላቸው፤ በዚያው ጸና። በአንድ ዓመት ውስጥ በአካባቢው ባሉ አራት ከተሞች ተጫወቱ። አንድ ጋዜጣ ዘፋኙ ጀርባውን የሚሰጠው ዝናን በመናቅ ነው ብሎ ጻፈ። ባርበሩ ቆርጦ መስታወቱ ጥግ ለጠፈው፤ ለደንበኛው ሁሉ እያነበበ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ቆጣሪ ግን አልሳቀችም። ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ እየታየ እንዴት በጤናው ይኖራል? መድኃኒት ቤት ቆማ ኪኒን ስትነጥል እነዚያ ዓይኖች ትዝ ይሏትና ሠላሳውን ከአርባ ትቀላቅላለች። ወዳዋለች፤ ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ ደግሞ ትፈራለች።

አንደኛ ወንድሟን ትፈራለች። መምህሩ ከዚህ በፊት የነበረው ባንድ ዘፋኙና ኪቦርድ ተጫዋቿ ተፋቅረው፣ ተጣልተው፣ በስድስት ወር አመድ ሆኖበታል። ከዚያ ወዲህ በእኔ ባንድ ውስጥ ፍቅር የገባ ቀን ጊታሬን ጠቅልዬ እወጣለሁ ብሎ ምሏል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ፣ ያለው ነገር ለእሷ የአባት ቃል ያህል ነው።

ሁለተኛው ፍርሃቷ ግን ከዚህ ይብሳል። ጨለማ ደረጃ የሚወርድ ሰው የደረጃውን መደገፊያ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለወደደው አይደለም። እኔስ ለዚህ ሰው ምኑ ነኝ? ትላለች ለራሷ። አንድ ቀን ፍርሃቱ ሲለቀው እኔንም ይለቀኛል።

እንዲህ ስትብሰለሰል ነው የሬዲዮ ጣቢያው ሰው የመጣው። በዋናው ከተማ ስምንት ባንዶች የሚጫወቱበት ዝግጅት አለ። ያሸነፈው አሥር ከተማ እየዞረ ይጫወታል፤ ካሴቱንም ጣቢያው ያሳትምለታል። «ጀርባዎቹ» ተጋብዘዋል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ዘፋኙ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ማዞር አለበት። ሰው ትኬት ገዝቶ የሰው ትከሻ ሊያይ አይመጣም ነው ያለው ሰውየው።

መምህሩ ይህን በእሑዱ ልምምድ ላይ ሲናገር በያጁ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዓይኑ ወዲያው ወደ እሷ ሄደ። የመምህሩም ሄደ፤ የባርበሩም ሄደ። ሁሉም መልሱን ከእሷ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ወንድሟ ፊቷን ቢያነበውስ? ሚስጥሯ በሦስት ሰው ፊት ሊዘረገፍ የደረሰ መሰላት፤ ፈራችና ፍርሃቷ በቁጣ መልክ ወጣ።

«እኔ ግድግዳ አይደለሁም» አለችው። «ዕድሜህን ሙሉ እኔን ተደግፈህ ልትዘልቅ ነው? ሰው ፊት መቆም ልመድ እንጂ።»

በያጁ ማይኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እሺ» አለ።

ከዚያን ቀን በኋላ በልምምድ ላይ መሬት መሬቱን እያየ መዝፈን ጀመረ። ከንፈሯ በከንቱ ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ልትለው እስከ ብየዳ ቤቱ መንገድ ድረስ ሄዳ፣ የእሳቱን ብልጭታ ከሩቅ ስታይ ተመለሰች። ምን ልትለው? ግድግዳ ነኝ፣ ተደገፈኝ?

ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መድኃኒት ቤቱን ገና እንደከፈተች ባርበሩ የበያጁን ክንድ ይዞ እየመራ ገባ። በያጁ ሁለት ዓይኑን በእጁ መዳፍ ከልሏል። መዳፉን ስታነሳው ክው አለች። ሽፋሽፍቱ አብጦ ተጣብቋል፤ እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲነካው እንደ ተወጋ ሰው ይሸማቀቃል።

ባርበሩ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፈው። ሰውየው ለካስ ጭንብሉን ምስማር ላይ ከሰቀለው አሥር ቀን ሆኖታል። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየው፣ ፊቱን ገልጦ እየዘፈነ ሲበይድ ነው የከረመው። ብረቱን ነጥብ በነጥብ እየነካሁ ብቻ ነው የማስይዘው፣ እሳቱ ሲበራ ዓይኔን እጨፍናለሁ ነው የሚለው። ግን ዘፈኑ ይዞት ሲሄድ ዓይኑን የሚጨፍነው በምቱ ሆነ፤ እሳቱ ደግሞ ምት አያውቅም። በዘፈኑ መሐል ቀድሞ ይበራል፣ ዘግይቶ ይጠፋል። ትናንት አመሻሽ ላይ ትንሽ ቆረቆረኝ አለ፤ ሲነጋ ይኸው።

«ወተት ጠብ ቢደረግበት ይሻለዋል ይባላል» ሲል ጨረሰ ባርበሩ።

ወተቱን ራሱ እንዲጠጣው ነገረችውና በያጁን ክንዱን ይዛ ወደ ዓይን ሐኪሙ ወሰደችው። የዓይን ጠብታ ስትሸጥ የኖረች ልጅ ነች፤ በያጅ ዓይኑን ሲያቃጥል ምን ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች። ባታውቅ በተሻላት።

ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቃጠሎ በሁለት በሦስት ቀን ይድናል አለ። ይህ ግን የአንድ ቀን አይደለም፤ ተደራርቧል፤ የቀኙ ላይ የማልወደው ነጭ ነጥብ አይቻለሁ። ሁለቱም ይሸፈኑ። ሰኞ ስከፍተው እናውቃለን፤ ከዚያ በፊት ምንም አልልም አለ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ግድግዳ አይደለሁም ስላልሽኝ።» ቁጣ የለበትም፤ እንዲሁ ነው የተናገረው። «እውነትሽን ነው። አንድ ሰው ላይ እንደዚያ አይደገፉም። ልልመድ ብዬ ነው።»

መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች። እወድሃለሁ፣ ፈርቼ ነው፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩህ፤ የትኛውን ላስቀድም ብላ አመነታች። በዚያው ቅጽበት ወንድሟ እየሮጠ ደረሰ።

መምህሩ ዝግጅቱን እንሰርዛለን አለ። በያጁ ግን አሻፈረኝ አለ። «እንዲያውም አሁን ነው መዝፈን» አለ። «ማንንም አላይ። ማንን እፈራለሁ?» ባርበሩ ሳቀ፤ መምህሩም ሳይወድ ሳቀ። እሷ ግን የፈራችው ቀን መምጣቱን አወቀች። እንግዲህ አልፈልግሽም ማለት ነው።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ተጓዙ። በያጁ ፋሻው ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከአጠገቧ ተቀምጧል። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ መያዣ ፍለጋ እጁን ዘረጋ፤ እጇ አጠገቡ ነበር፤ እሱ ግን የድራሙን ሳጥን አገኘና እሱን ጨበጠ። መንገዱን ሙሉ ያንን እጅ እያየች ሄደች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተራቸው አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። መምህሩ በያጁን እየመራ አውጥቶ ሁለት እጁን ማይኩ ላይ አኖረለትና ፊቱን ወደ ሕዝቡ አቀናለት። እሷ በዱላዎቿ አራት መታች፤ ተጀመረ።

እንዲያ ዘፍኖ አያውቅም። ድምፁ ከዚህ በፊት የታሰረ ነበርና አሁን የተፈታ ይመስላል፤ አዳራሹ ሁሉ ቆመ። የሬዲዮ ጣቢያው ሰው ከመጋረጃው ጥግ ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ደግሞ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፋኛቸውን ጀርባ አየች። በላብ የራሰ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ በእሳት ብልጭታ የተበሳች ትንሽ ቀዳዳ። እንባዋ መጣ። በቃ፣ ሄደ አለች በልቧ፤ እጇ ግን መምታቱን አላቋረጠም።

ሁለተኛው ዘፈን በያጁ ራሱ የደረሰው ነው። መጀመሪያ ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት ጊዜ አራት ምት፣ ድራም ብቻውን ይሄዳል፣ ከዚያ ጊታሩ ይገባል። እሷ ጀመረች። በያጁ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ። ከዚያ ማይኩን ከመቆሚያው ነቀለና በድራሙ ድምፅ እየተመራ ወደ ኋላ ዞረ።

መምህሩ ደነገጠ። «ወደ ሕዝቡ ዙር» አለው በጥርሱ መሐል። አልሰማ አለ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ላይ እግሩ ኬብል ነካና ተንገዳገደ። የእሷ ነፍስ አብራው ተንገዳገደች። ባርበሩ በትከሻው ደግፎ አቆመው። እጁ የድራሙን ጠርዝ እስኪነካ መጣ። ማይኩን ከአፉ አራቀና ጎንበስ አለላት።

«ፈርቼ አይደለም የዞርኩት» አላት።

ስምንቱ ቤት አልፎ ነበር። ዘጠኝ ይሁን አሥራ አንድ እስከ ዛሬ አታውቅም። መምህሩ ለብቻው ገባ፤ ባርበሩ የት እንደሚገባ ጠፋው፤ ሁለት ሺህ ሰው ፊት ጊታርና ቤዝ እንደ ሁለት ጋሪ ተላተሙ። ከሕዝቡ ሳቅ ተሰማ። እሷ በእጇ ጀርባ እንባዋን ጠረገችና አራት መትታ እንደገና አስጀመረች። እሱም በፋሻ የታሰረ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ እስከ መጨረሻው ዘፈነ።

አላሸነፉም። የሬዲዮ ጣቢያው ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እኔ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር ብሎ ሄደ። አሥሩን ከተማ ሌላ ባንድ ወሰደው።

ከመድረኩ ጀርባ መምህሩ ኬብል ይጠቀልላል፤ አጠቃለሉ ብቻ ያስፈራል። በያጁ ስፒከር ላይ ተቀምጧል። እሷ ወንድሟ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዛሬ የተበላሸው በእኔ ነው» አለችው። «እወደዋለሁ። ጊታርህን ጠቅልለህ ውጣ ወይም እኔ ልውጣ፤ ከእንግዲህ ግን አልደብቅህም።»

መምህሩ ኬብሉን መጠቅለሉን አቆመ። «እሱስ?» አለ።

«እሱ እዚህ ነው፤ ጆሮውን አላቃጠለም» አለ በያጁ ከስፒከሩ ላይ።

ባርበሩ ወዲያ ዞሮ አፉን በእጁ ያዘ። መምህሩ ለመሳቅም ለመቆጣትም አልሆነለትም። ኬብሉን ትከሻው ላይ አደረገና፣ ሰኞ የዓይኑን ነገር ሳላውቅ ምንም አልወስንም ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ባርበሩም ሁለቱን ብቻቸውን መተው እንዳለበት ሳይገባው አልቀረም፤ ተከተለው።

እሷም በያጁ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰው ፊት መዝፈን ከቻልክ አትፈልገኝም ብዬ ነበር የምፈራው» አለችው።

«እኔ ደግሞ ፍርሃቴ የለቀቀኝ ቀን በምን ሰበብ አይሻለሁ ብዬ ነበር» አለ። «አሁን ደግሞ ሰኞ ፋሻው ይፈታል፤ ባላይሽስ? ይኸው ሌላ ፍርሃት።»

መንገዱን ሙሉ ስታየው የመጣችውን ያንን እጅ ያዘችው።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። ግራው ጠርቶ ነበር። ቀኙ ላይ ግን «ደመና አለ» አለ በያጁ፤ በዚያ ዓይኑ ቆጣሪ የምትታየው ከደመናው ወዲያ ሆና ነው። ሐኪሙ ደመናው እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ሙሉ በሙሉ ይለቅ አይለቅ ግን ከወራት በፊት እንደማይታወቅ ነገራቸው። ለጊዜው ብየዳ የለም። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። «እሑድ ልምምድ አለ፤ አታርፍዱ» አለ። የሰጠው ውሳኔ ይኸው ብቻ ነው።

ወደ መንገድ ወጡ። ፀሐዩ ደምቋል፤ የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰልፉ ረዥም ነው። «ጀርባዎቹ ናቸው» ያለ አለ። «ፊቱ እንዲህ ነው እንዴ?» ያለም አለ። ሰዉ ሁሉ አንድ በአንድ ዞሮ ተመለከታቸው። የሚያውቋት የመድኃኒት ቤቱ ደንበኞችም አሉበት። በያጁ ቆመ። በግንባሩ ላይ ላብ ብቅ ብቅ ሲል አየችው፤ ትንፋሹ አጠረ። ወደ እሷ ሊዞር ነው ብላ ጠበቀች። አልዞረም፤ ፊቱን ወደ ሰልፉ እንዳደረገ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። እጁ በላብ ርሷል።

«ሰው እያየን ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«አያቸዋለሁ» አለ። «ፈርቻለሁ።»

ግን እጇን አልለቀቀም፤ ሰልፉን ዳር እስከ ዳር እንደተያያዙ አለፉት።